ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሲወርዱ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ የአዲስ አበባ መንገደኛ ጉዞውን የሚጀምረው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ሲሆን፣ ኦሞራቴ ሲደርስ ግን ከባህር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ቁልቁለት አየሩ፣ አፈሩ፣ ነፍሳቱና በሽታው አብረው ይለወጣሉ። ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ ይህንን ስለሚያውቅ ተከትቦ፣ መድኃኒቱን ቋጥሮና አጎበሩን ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ሰው ግን «ሀገሬ ነው» በሚል መተማመን ሹራብና ቻርጀር ብቻ ይዞ ሲሳፈር ደጋግሜ አይቻለሁ። የቀድሞ ሰዎች ንዳድን ፈርተው ቆላ ለመውረድ ያመነቱ ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከልክ ያለፈ አልነበረም። ወባን የመቋቋም አቅም የሚገኘው ከልጅነት ጀምሮ በበሽታው ደጋግሞ በመያዝ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያደገም ሆነ ለዓመታት ዋሽንግተን ኖሮ የተመለሰ ሰው በዚህ ረገድ ከማንኛውም የውጭ ዜጋ አይለይም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ መተማመን ነው።

ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲደርሱ መንደሩ ባዶ ነው

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የቀን ምርጫ ነው። በደቡብ ኦሞ የሕዝቡ እንቅስቃሴ የሚከተለው የገበያውን ቀን በመሆኑ፣ ሐሙስ ቀን የበናና የፀማይ ሰዎችን ለማግኘት መሄድ የሚገባው ወደ ቀይ አፈር ገበያ ነው። የዲመካ ዋናው ገበያ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ጂንካም ቅዳሜ ትገበያያለች። በበጋ ወራት ወጣቶቹ ከብቶቹን ይዘው ሣርና ውሃ ወዳለበት ስለሚርቁ፣ በገበያ ቀንም ቢሆን በመንደር የሚገኙት በአብዛኛው አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ በቅድሚያ የገበያ ቀናትን ይዞ፣ ሌላውን በዚያ ዙሪያ ማደራጀት ይሻላል።

መኪናው አንድ ቦታ እየተሽከረከረ ወደ ታች ይሰምጣል

አስፋልቱን ለቀው ሲወጡ የሚጠብቁዎት ሁለት ዓይነት መሬቶች ናቸው፤ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው። በአሸዋ ላይ መንስኤው የጎማው ነፋስ መብዛት ነው። ጠንካራ ጎማ አሸዋውን እንደ ቢላዋ ስለሚቆርጥ፣ ነዳጅ መስጠቱን ወዲያው አቁሞ ከአራቱም ጎማዎች ነፋስ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ከተለመደው ግፊት ግማሽ ገደማ ሲቀር የጎማው መርገጫ ስለሚሰፋ መኪናው በራሱ ጉልበት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በአካፋ ጠርጎ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ በዝግታ መመለስ ወደፊት ከመግፋት ይመረጣል። ነፋሱን መልሶ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ከሌለ ግን በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎማውን ይገድለዋል።

በዋልካ ላይ ጉዳዩ የተለየ ነው። ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ስለሚለሰልሰው፣ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪናም እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሄ ትዕግሥት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ጥቂት ሰዓታት መጠበቅ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ከመቆፈር ያድናል። ስኮርታ ሁለት፣ ክሪክ ከሰፊ የጣውላ መደገፊያ ጋር፣ የመጎተቻ ገመድና በጀሪካን የተያዘ ናፍጣ ከጂንካ ወይም ከአርባ ምንጭ ሳይነሱ መሟላት አለባቸው፤ ጎሚስታ በየመንደሩ አይገኝምና።

የደረቀው ወንዝ ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ይሞላል

ይህ ችግር ሕይወት ስለሚያጠፋ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በሐመር ምድር ያሉት ብዙዎቹ ወንዞች፣ ከቱርሚ አጠገብ ያለውን ካስኬን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ዓመት የአሸዋ መንገድ ይመስላሉ። ዝናቡ የሚጥለው ግን ርቆ ባለው ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ውሃው እርስዎ ካሉበት የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ እዚያው የቆመ ሰው ጠብታ ሳያይ በጎርፍ ሊወሰድ ይችላል። አደጋው የሚበረታው በዋናው ዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም በጥቅምትና በህዳር ነው።

አንድ ሚያዝያ ቀን አብሮኝ የነበረው የሐመር ወጣት መኪናውን ከወንዙ አፋፍ አስቁሞ ወረደና ጎንበስ ብሎ አሸዋውን ተመለከተ። በቅጠልና በጭራሮ የተሞላ፣ ጣት የማያሰምጥ ቀጭን ውሃ ነጭ አረፋ እየገፋ ይመጣ ነበር። እኔ በዚያች ውሃ ላይ መሻገር ቀላል መስሎኝ ሳለ፣ እሱ እጁን አንስቶ «አይሆንም» አለ። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ የዛፍ ግንድ ያንከባልል ጀመር። እንግዲህ ምልክቱ አረፋና ጭራሮ የሚገፋው ቀጭን ውሃ ነው፤ መፍትሄው አፋፍ ላይ መቆየት ነው። ጎርፉ እንደ አመጣጡ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ከጎደለም በኋላ በቅድሚያ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ እሱ የሚመራበትን መስመር መከተል እንጂ መኪናን ወደ ውሃ መስደድ አይገባም። ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፤ አሸዋው ምንም ያህል ለስላሳና ጥላው ምንም ያህል ደስ የሚል ቢሆን።

ፎቶ ካነሱ በኋላ ጭቅጭቅ ይነሳል

እንግዳው አንድ ፎቶ ያነሳ ይመስለዋል፤ ካሜራው ግን በተከታታይ እንዲያነሳ ስለተደረገ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብሏል፣ የተነሳችው ሴትም ድምፁን ቆጥራለች። በብዙ መንደሮች ክፍያው በሰው፣ አንዳንዴም በፎቶ ብዛት ስለሚታሰብ ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚህ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም። መፍትሄው ካሜራ ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት በአካባቢው አስጎብኚ አማካይነት ዋጋ መነጋገር፣ ከተቻለ ለመንደሩ በጠቅላላው መስማማት፣ ዝርዝር ብር በበቂ መጠን ይዞ መሄድና ተከታታይ ማንሻውን ማጥፋት ነው። መረብ በሌለበት ቦታ በስልክ መክፈል ስለማይቻል፣ ጥሬ ገንዘቡ ከጂንካ መውጣት አለበት።

ከዚህ የከበደ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከመሃል ሀገር የመጣን ሰዎች በሰዎቹ ፊት ቆመን ስለ አለባበሳቸውና ስለ አኗኗራቸው በአማርኛ እንናገራለን፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ግን ተምረዋል፣ አማርኛም ይሰማሉ። የሙርሲ ወይም የዳሰነች ሽማግሌ እንደ ማንኛውም አባት «እርስዎ» ሊባሉ፣ ቤታቸውም ሳይፈቀድ ሊገባበት አይገባም። ይህን ያደረገ እንግዳ ስለ ዋጋ ቢሳሳት እንኳ በቀላሉ ይታለፍለታል።

በማጎ ፓርክ ውስጥ ዝንቦች መኪናውን ተከትለው በልብስ ላይ ይነክሳሉ

እነዚህ የገንዲ በሽታ (በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚባለውን) የሚያስተላልፉት የቆላ ዝንቦች ናቸው። የሚስባቸው የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገርና ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም ነው፤ እነሱን ለመያዝ የሚተከሉት ወጥመዶችም የሚሰፉት ከዚሁ ቀለም ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጂንስ ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ ቀርቶ ወፈር ያለ አመድማ ወይም ካኪ ልብስ ይለበስ፤ መስኮትም ይዘጋ። የሚቀባው የነፍሳት መከላከያ በእነዚህ ላይ ብዙም አይሠራም። የተነከሰው ቦታ ቆስሎ ትኩሳት ከተከተለ ለሐኪም መንገር ግድ ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የሆድ መላወስ

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚመጣው ድካምና ራስ ምታት በአብዛኛው የሙቀትና የውሃ እጥረት ነው፤ ሽንት ጠቁሮ ማነሱ ያረጋግጠዋል። ጥላ፣ እረፍትና በየጊዜው የሚወሰድ ውሃ ያስተካክለዋል። የታመመው ሰው መቀባጠር ከጀመረና ቆዳው እንደ እሳት ከተኮሰ ግን ሰውነቱን በውሃ እያራሱና እያራገቡ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። ለተቅማጥ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይተካዋል። የታሸገ ውሃ ሲያልቅ የጉድጓዱን ውሃ በነጠላ አጥልሎ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል፤ ደፍራሽ ውሃ ሳይጣራ መድኃኒቱ በአግባቡ አይሠራም።

ትኩሳት

እዚህ ላይ ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል። የወባ ትኩሳት ከመጀመሪያው ንክሻ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በደረሱ በሁለተኛው ቀን የሚያተኩሰው ሰው ወባውን ከዚህ አላገኘውም። በተቃራኒው ከጉዞ ተመልሶ አዲስ አበባ በሁለተኛው ሳምንት የሚያንቀጠቅጠውን ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ማስተኛት ትልቅ ስህተት ነው።

መንስኤውን በተመለከተ፣ በሀገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ብዙ ጊዜ የምትነክሰው ሰው ከመተኛቱ በፊት፣ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ሲጫወት ነው፤ ስለሆነም አጎበር ብቻውን አይበቃም። ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ሙሉ ልብስና የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ክሎሮኪን ለከፋው ዓይነት ወባ መከላከያነቱ ቀርቷል፤ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ካዘዘ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለአራት ሳምንታት ይቀጥላል። ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያሳሳ ባርኔጣ አይረሳ፤ ለነፍሰ ጡርና ለትናንሽ ልጆችም አይሰጥም። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰዳል፤ በ2005 ዓ.ም. በሽታው በደቡብ ኦሞ ተከስቶ የክትባት ዘመቻ ተካሂዶ ነበርና።

መፍትሄው ምርመራ ነው። በጤና ጣቢያ የጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይነገራል፤ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘም ሦስቱ ቀን ሳይጓደል፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል። ማስመለስ፣ መቀባጠር፣ የዓይን ቢጫነት ወይም የሽንት መጥቆር ከታየ አዳር አይጠበቅም። በህዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱም ስለተረጋገጠ፣ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ብሎ በቤት ማከም አይገባም። አንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ ይህ መሆኑ ሲታወቅ ፕሪማኪን የሚባለውን ማጠናቀቂያ መድኃኒት ስለመውሰድ ሐኪሙን ይጠይቁ። መኖሪያዎ አሜሪካ ወይም እስራኤል ከሆነና ከተመለሱ በኋላ ካመመዎት፣ ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላልና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የነበሩበትን ቦታና የተመለሱበትን ቀን ይንገሩት።