አሳዛኝ ልቦለድን ለእንግሊዝኛ ክፍል እንዴት እናጥና?

በሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል «ይህን ልቦለድ ሙሉውን አንብቡ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚፈራው ቋንቋውን ነው። ቋንቋው በትዕግሥት ይገፋል። የሚከብደው ፍጻሜው አሳዛኝ የሆነ መጽሐፍ የሚፈልገው የንባብ ዓይነት ነው። ትራጄዲን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን አሳዛኝ ታሪክ፣ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያልን ብቻ ከተከተልነው ዐቢዩ ገጸ ባሕርይ ሲወድቅ መጽሐፉን ዘግተን እናዝናለን፤ መምህሩ ሲጠይቀን ግን የምንለው ይጠፋናል። ትራጄዲ የሚጠናው በሌላ ጥያቄ ነው፦ ሰውየው እዚህ እንዴት ደረሰ? ሌላ መንገድስ ነበረው ወይ? ከዚህ በታች የምታገኙት አካሄድ በሙሉ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው።

ማሳያ የማደርገው የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው። መጽሐፉ ናይጄሪያ ነጻ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1958 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ታተመ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው፤ ለክፍል ጥናት ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። እናንተ የምታጠኑት ሌላ ትራጄዲ ቢሆንም ደረጃዎቹ ያው ናቸው።

1. በመጀመሪያው ንባብ አትቁሙ

መጽሐፉ 25 ምዕራፎች አሉት። በቀን ሁለት ምዕራፍ ብታነቡ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ታልፉታላችሁ። በዚህ ዙር መዝገበ ቃላት እየገለጣችሁ አትደናቀፉ። የማታውቁትን ቃል በእርሳስ አስምሩበትና እለፉ፤ ያው ቃል ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ከመጣና ትርጉሙ አሁንም ካልተገለጠላችሁ ያን ጊዜ ፈልጉት። የኢግቦ ቋንቋ፣ ማለትም የታሪኩ ሕዝብ ቋንቋ፣ ቃላትም ይገጥሟችኋል። በብዙ እትሞች መጨረሻ ላይ ለእነዚህ ቃላት መፍቻ ስላለ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ፍጻሜውን ከክፍል ጓደኛ ሰምታችሁት ከሆነ አትበሳጩ። መጨረሻውን የሚያውቅ አንባቢ ትራጄዲን የተሻለ ያነባል፤ ዓይኑ ወደ ምክንያቱ ይሄዳልና። እኔም ከዚህ በታች ፍጻሜውን እናገራለሁ።

አንድ ነገር ግን ላሳስብ። መጽሐፉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን 13 ምዕራፍ ይዟል፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል «ምንም አልሆነም» ብለው ይሮጡበታል። የእርሻውን፣ የበዓሉን፣ የሽምግልናውንና የጋብቻውን ወግ ዘለው ነጮቹ የሚመጡበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። በኋላ የሚፈርሰው ዓለም ቆሞ የሚታየው እዚህ ነውና፣ ቆሞ ያላየነው ነገር ሲፈርስም አያመንም።

2. ሰዎቹን በትውልድ አስቀምጡ

በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ስሞችን ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ ኡኖካ፣ ኦኮንክዎ፣ ንዎዬ። አያት፣ አባት፣ ልጅ። ኡኖካ ዋሽንቱን የሚወድ፣ ዕዳው የበዛ፣ በሰው ዘንድ የተናቀ ሰው ነበር። የመጽሐፉ ዐቢይ ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ የዚህ አባት ልጅ መባልን እንደ ሞት ይፈራል። በ18 ዓመቱ ታዋቂውን ታጋይ አማሊንዜን ጥሎ ስሙን ያስጠራ፣ ጎተራውን በላቡ የሞላ ሰው ነው። ንዎዬ ደግሞ አባቱ ሊያጠፋው የሚፈልገውን የአያቱን ለስላሳነት ይዞ የተወለደ ነው።

በስሞቹ መካከል ቀስት ሥሩና በእያንዳንዱ ቀስት ላይ አንድ ስሜት ጻፉ። ከኦኮንክዎ ወደ ኡኖካ፦ ኀፍረት። ከኦኮንክዎ ወደ ንዎዬ፦ ሥጋት። ከንዎዬ ወደ ኦኮንክዎስ? መልሱ ከምዕራፍ ምዕራፍ ስለሚለዋወጥ ቦታውን ሰፊ አድርጉት። ከዚህ ሥዕል ጎን የኦቢየሪካን ስም ጨምሩ። ኦቢየሪካ የኦኮንክዎ የልብ ወዳጅ ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልገን አሁን ታያላችሁ።

3. መንታ መንገዶቹን መዝግቡ

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ምን ሆነ? ማን አስጠነቀቀው? ምን ፈራ? ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሁለተኛውን ንባብ የምታነቡት ይህን ሠንጠረዥ እየሞላችሁ ነው። ሁሉም ክንውን አይገባበትም፤ የሚገባው ሰውየው ወዲያም ወዲህም ሊሄድ ይችል የነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

አንዱን አብረን እንሙላ። ምዕራፍ 7። ኢኬሜፉና ከሌላ መንደር በካሣ የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት በኦኮንክዎ ቤት ኖሮ «አባባ» ብሎ ጠርቶታል። የመንደሩ አምላክ ቃል ልጁ ይገደል ይላል። ሽማግሌው ኤዜኡዱ ወደ ኦኮንክዎ መጥቶ ልጁ አባት ብሎሃልና በሞቱ ላይ እጅህን አታግባ ብሎ ይመክረዋል። ኦኮንክዎ ግን አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው ምት ያረፈበት ልጅ ወደ እሱ እየጮኸ ሲሮጥ ገጀራውን መዝዞ የሚጨርሰው ራሱ ኦኮንክዎ ነው። ደራሲው ምክንያቱን በግልጽ ይነግረናል፦ ደካማ እንዳይባል ፈርቶ።

አሁን ዓምዶቹን ሙሉ። ማን አስጠነቀቀው? ኤዜኡዱ፣ ያውም ቤቱ ድረስ መጥቶ። ምን ፈራ? ደካማ መባልን። ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? እዚህ ላይ ነው ኦቢየሪካ የሚያስፈልገን። በምዕራፍ 8 ኦቢየሪካ አብሯቸው ሳይሄድ እንደቀረ እናያለን፤ የአምላኩን ቃል እንደማይቃወም፣ ነገር ግን ፈጻሚው እሱ እንደማይሆን ይናገራል። ተመልከቱ፦ ያው ዘመን፣ ያው እምነት፣ ያው ወግ፣ ሌላ ምርጫ። ስለዚህ «ባህሉ አስገደደው» የሚለው መልስ እዚህ ቦታ ላይ አይቆምም። በየትኛውም ትራጄዲ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጉ፤ በዐቢዩ ገጸ ባሕርይ ቦታ ቆሞ በሌላ መንገድ የሄደውን። እሱን ካገኛችሁ ጥያቄው ግማሽ ተመለሰ።

ሁለተኛ መንታ መንገድ የሚመስል ግን ያልሆነ ቦታ አለ። በምዕራፍ 13 የዚያው የኤዜኡዱ ቀብር ላይ የኦኮንክዎ ጠመንጃ ፈንድቶ የሟቹን የ16 ዓመት ልጅ ይገድላል። ማንም አላስጠነቀቀም፣ ማንም አልመረጠም፤ ድንገት ነው። ቅጣቱ ግን ከባድ ነው፤ ሰባት ዓመት ከመንደሩ ተሰዶ በእናቱ ወገኖች ዘንድ በምባንታ ይኖራል። ሁለቱን ክንውኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አስቦ በገዛ እጁ ለገደለው ልጅ ሕጉ ምንም አላለውም፤ ሳያስብ ለገደለው ልጅ ቤቱ ተቃጠለ፣ ተሰደደም። ያውም ሟቹ ልጅ የዚያ የመካሪው ሽማግሌ ልጅ ነው። እኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የክፍል መወያያ አላውቅም። ኦቢየሪካም ሳያውቅ የበደለ ሰው ስለምን ይህን ያህል ይቀጣል ብሎ ይጠይቃል፤ ደራሲው መልሱን ለእኛ ትቶልናል።

4. ሐሳቡን ተመላልሶ ሲመጣ ያዙት

ጥሩ ደራሲ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲል በከንቱ አይደለም። በኢግቦ እምነት እያንዳንዱ ሰው ዕጣውን የሚሸከም የግል አምላክ አለው፤ «ቺ» ይባላል። በምዕራፍ 4 ሰው አዎ ካለ ቺውም አዎ ይላል የሚል አባባል እናገኛለን፤ ያን ጊዜ ኦኮንክዎ በከፍታ ላይ ነው። በምዕራፍ 14 በስደት ሳለ ደግሞ እሱ አዎ ቢልም ቺው እምቢ እንዳለው ያስባል። የሰውየው መነሣትና መውደቅ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ተዘርግቶ ይታያል። ገጾቹን አጥፉ ወይም ወረቀት ለጥፉባቸው፤ ለፈተና ከየትኛውም ማጠቃለያ ይበልጥ ይጠቅሟችኋል።

ቀብርም እንዲሁ ተመላልሶ ይመጣል። ኡኖካ በተጠላ በሽታ ተይዞ ወደ ክፉው ጫካ ተወስዶ መቃብር ሳያገኝ ይሞታል። ዕድሜውን ሙሉ ከአባቱ ሲሸሽ የኖረው ኦኮንክዎም መጨረሻ ላይ ራሱን ይሰቅላል፤ ይህ በወጉ ነውር ስለሆነ ወገኖቹ ሬሳውን መንካት አይችሉም፣ የሚቀብሩት ባዕዳን ናቸው። ልጁ ከአባቱ ዕጣ አላመለጠም። (ይህን ምዕራፍ ስታነቡ ጉዳዩ ከራሳችሁ ሕይወት ጋር የሚነካካ ከሆነ ብቻችሁን አትያዙት፤ ለመምህራችሁ ወይም ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ።)

5. የትራጄዲን ስያሜዎች በልክ ተጠቀሙ

መምህሩ አርስቶትልን ሊያነሣ ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ ፈላስፋ የጻፈው ስለ መድረክ ተውኔት ነው፤ ሐሳቦቹ ግን ለልቦለድም ያገለግላሉ። ሦስቱን ያዙ፦ የሰውየው ስሕተት፣ የዕድሉ መገልበጥ፣ እውነቱን የሚረዳበት ቅጽበት። ስያሜውን መለጠፍ ግን መልስ አይደለም። ይልቅ ጥያቄ አድርጉት፦ ኦኮንክዎ እውነቱን የሚረዳበት ቅጽበት አለ? እኔ የማገኘው ምዕራፍ 24 ላይ ነው። የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ ይገድላል፤ ሕዝቡ ሌሎቹን መልእክተኞች ሲያስመልጣቸው ወገኖቹ፣ የኡሙኦፊያ ሰዎች፣ እንደማይዋጉ ይገባዋል። ስለ ወገኖቹ ተረዳ ማለት ነው። ስለ ራሱስ? ስለ ኢኬሜፉና? ስለ ንዎዬ? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ቢከፈል ደስ ይለኛል።

6. የሚተርከው ማን እንደሆነ ጠይቁ

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ በአንድ ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ ላይ የኦኮንክዎ ስም በዘጠኝ መንደሮች የታወቀ ነው። መጨረሻ ላይ ትረካው ድንገት ወደ እንግሊዛዊው የአውራጃ አስተዳዳሪ አእምሮ ይገባል፤ እሱ ሊጽፈው ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ሰው አንድ አንቀጽ ያህል ቦታ ሊሰጠው ያስባል። እኛ 25 ምዕራፍ ያነበብንለት ሰው! የታሪኩ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ወደ ኢግቦ ምድር ሲገባ ነው፤ የዘመኑን ታሪክ ለመረዳት የአንድ ሰዓት ንባብ ይበቃል። የመጨረሻውን ገጽ ቁጣ ለመረዳት ግን መጽሐፉን ራሱን ማንበብ ግድ ነው፤ ከአጭር ማጠቃለያ አይገኝም።

7. ወደ ውይይቱ አንድ ጥያቄና አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ

በእንግሊዝኛ መናገር ለሚያስፈራው ተማሪ ይህ ይበጃል። ማታውኑ አንድ ጥያቄና የገጹን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። «ይህ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ ታዲያ ለምን…» ብሎ የሚጀምር ሰው ሰዋስው ቢሳሳት እንኳ ክፍሉ ይሰማዋል።

8. ድርሰቱን ሊሞገት በሚችል ሐሳብ ጀምሩ

«ኦኮንክዎ አሳዛኝ ገጸ ባሕርይ ነው» ማንም የማይክደው ነገር ነው፤ ስለዚህ ድርሰት አይወጣውም። «ኦኮንክዎን የጣለው የነጮቹ መምጣት ከመድረሱ በፊት ፍርሃቱ ነው» ቢባል ግን ተቃዋሚ አለው፤ ስለዚህ ይጻፋል። ማስረጃው ከሠንጠረዣችሁ ይመጣል፦ የኢኬሜፉና ሞት፣ የኦቢየሪካ ምርጫ፣ የንዎዬ ከአባቱ መለየት። ንዎዬን ወደ ሚሲዮናውያኑ የሳበው ስብከቱ ሳይሆን መዝሙሩ መሆኑን አትርሱ፤ መዝሙሩ በወጉ መሠረት በጫካ ስለተጣሉት መንትዮችና ስለ ኢኬሜፉና በልቡ የነበረውን ጥያቄ ነክቶለታል።

ከዚያ ተቃዋሚውን በሙሉ ጉልበቱ አስገቡት። ኦቢየሪካ በኦኮንክዎ ሬሳ አጠገብ ቆሞ አስተዳዳሪውን ይወቅሳል፤ ታላቅ ሰው ነበር፣ ራሱን እንዲያጠፋ የገፋችሁት እናንተ ናችሁ ይላል። ይህን ያልመለሰ ድርሰት ግማሹን መጽሐፍ ዘሏል። የእኔ ፍርድ ሁለቱም እውነት ናቸው የሚል ነው፤ ፍርሃቱ ብቻውን ያደርቀው ነበር፣ የባዕድ አገዛዝ ደግሞ መመለሻውን ዘጋበት። እናንተ ሌላ ፍርድ ላይ ብትደርሱ ማስረጃ እስካላችሁ ድረስ ነጥብ አታጡም።

ጥቅስ ስትጠቅሱ ከአምስት እስከ አሥር ቃል ይበቃል፤ ከጥቅሱ በኋላ ስለ ጥቅሱ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ታሪኩን መልሳችሁ አትተርኩ፣ መምህሩ ያውቀዋል። ከማስረከባችሁ በፊት እያንዳንዱን አንቀጽ «ይህ የጀመርኩበትን ሐሳብ ይደግፋል?» እያላችሁ ፈትሹ፤ የማይደግፈውን አንቀጽ፣ ቆንጆ ቢሆንም፣ አውጡት።