ሆሊን በግቢ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሆሊ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ቀይ ፍሬውም በብርድ ወራት ወፎችን የሚመግብ ዛፍ ነው። ፍሬ አልይዝ ሲል ባለቤቱ አፈሩንና ማዳበሪያውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ችግኙ በተመረጠበት ዕለት ነው።

ቀዳሚው ስህተት ጾታውን ሳያረጋግጡ መግዛት ነው። ወንዴና ሴቴ አበቦቹ የሚወጡት በተለያዩ ዛፎች ላይ በመሆኑ፣ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው፤ ለዚያም ንቦች ብናኙን የሚያመጡለት፣ በተመሳሳይ ወቅት የሚያብብ ወንዴ በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል። የዝርያውን ስም አምኖ መምረጥም ያሳስታል፤ በንጉሥ የተሰየመው «ጎልደን ኪንግ» ሴቴ ሲሆን፣ በንግሥት የተሰየመው «ሲልቨር ክዊን» ወንዴ ነው። ቦታው ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያለ ወንዴ ፍሬ የሚያፈራው «ጄ. ሲ. ቫን ቶል» ይሻላል።

ሁለተኛው በየዓመቱ ዙሪያውን አስተካክሎ መከርከም ነው። የአውሮፓው ሆሊ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ክርክሙ አበባውን ከነፍሬው ይወስዳል፤ ወፎች ጎጆ በሠሩበት ወቅት ሲሆንማ ጉዳቱ ይብሳል። አጥር ካልሆነ በቀር አለመከርከም፣ አጥርም ከሆነ ከፊሉን ለቀጣዩ ዓመት መተው ይበቃል። ቅጠላቸው ዥንጉርጉር በሆኑት ላይ አረንጓዴ ብቻ የሆነ ቀንበጥ ከወጣ ግን ዛፉን እንዳይውጠው ወዲያው ከሥሩ መቆረጥ አለበት።

ፀረ ተባይ መርጨት ሌላው ነው። ቅጠል ውስጥ የሚቦረቡረው ትል የሚተወው ምልክት መልክ ከማበላሸት ያለፈ ጉዳት እምብዛም አያስከትልም። እምቡጡን የሚበላው አባጨጓሬም ነገ ሰማያዊ ቢራቢሮ የሚሆን ነው፤ እርሱን ገድሎ ግቢውን የዱር እንስሳት መጠለያ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል።

ውሃ የሚያቁር መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ነቅሎ ማዛወርም አይስማማውም። ፍሬው ለሰውና ለውሻ መርዛማ፣ የደረቀ ቅጠሉም እሾሃማ ስለሆነ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ይራቅ።

በመጨረሻም፣ የአውሮፓውን ሆሊ አካባቢውን ሳያጤኑ መትከል አይገባም። በአሜሪካ የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶች ወፎች ዘሩን ወደ ጫካ እያደረሱት ወራሪ ሆኗል፤ በዚያ የሚኖር አትክልተኛ ለወፎቹ ሲል የአካባቢውን አገር በቀል ቁጥቋጦ ቢተክል ይመረጣል።