ስለ አረንጓዴ ግብይት የሚያስተምረውን ጨዋታ በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የሳይንስ መምህርት ደሴ ውስጥ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ጨዋታው ፍላሽ ያስፈልገኛል እያለ ነው፤ እኛም ሰክተንለታል፣ ግን እንቢ አለ» አለችኝ። ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ፣ ማያው ላይ ፍላሽ ፕሌየር የተባለው፣ በብሮውዘር ውስጥ ጨዋታና ቪዲዮ ያሳይ የነበረው ፕሮግራም እንደሚያስፈልግ የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ደግሞ የተማሪዎችን ውጤት የያዘ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ተሰክቶ አገኘሁ። አልሳቅሁም። እዚህ አገር ፍላሽ ሲባል ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠለው ዕቃ እንጂ ሌላ ነገር ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ጨዋታው አውሮፓ ውስጥ ለታዳጊዎች የተዘጋጀ ነው። ተማሪው የዕቃ ዝርዝርና የተወሰነ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በኮምፒውተሩ ሱቅ ውስጥ እየተዘዋወረ ማሸጊያው ያነሰውን፣ ከቅርብ የመጣውን፣ በወቅቱ የደረሰውንና ኤሌክትሪክ የሚቆጥበውን ዕቃ ከመረጠ ነጥብ ያገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ ይህንኑ ጨዋታ ክፈትልን የሚሉኝ መምህራን በዝተዋል። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ እኔ የምጠግናቸው ክፍሎች የተሞሉት ከየቦታው በተለገሱ አሮጌ ማሽኖች በመሆኑ፣ ጨዋታው በመጀመሪያው ቀን ሳያስቸግር የተከፈተበት ክፍል አላጋጠመኝም። ሁሉም ግን ገና ሳይመለከቱ «ኔትወርክ የለም» ይላሉ።

ወደ ፍላሹ ልመለስ። ፍላሽ ፕሌየርን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሠሪው ኩባንያ አዶቤ ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ሲሆን፣ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ የፍላሽ ይዘት እንዳይሠራ ራሱ ዘግቶታል። ስለዚህ ዛሬ «አዲሱ ፍላሽ ፕሌየር» እያለ የሚጋብዝዎ ገጽ ሁሉ ሌላ ነገር ሊጭንብዎ ነው። አንድ መምህር ይህን ግብዣ ተቀብለው በማግስቱ የክፍሉ ፍላሽ ዲስኮች ሁሉ ፋይላቸው ወደ ሾርትከት ተለውጦ አድሯል። መፍትሔው ራፍል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የፍላሽን ሥራ በዘመናዊ ብሮውዘር ውስጥ አስመስሎ ይሠራል። ራፍል በአሮጌው የፍላሽ ቋንቋ የተጻፉትን ጨዋታዎች በሚገባ ሲያሠራ፣ በኋለኛው የፍላሽ ቋንቋ፣ በአክሽንስክሪፕት 3፣ የተጻፉት ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ይሰናከላል። የመክፈቻው ሥዕል ስለታየ ብቻ «ሠራ!» ብለው ተማሪ አይጥሩ፤ ራስዎ ዘምቢሉን ሞልተው ገንዘብ ተቀባዩ ጋ እስኪደርሱ ይጫወቱ። እኔ ይህን ሳላደርግ 40 ልጆች ፊት የመክፈያው ቁልፍ አልጫን ብሎኝ ያውቃል።

አሁን ትዕግሥቴን ወደጨረሰው ስህተት ልምጣ፦ የኮምፒውተርን ቀን በእኛ አቆጣጠር መሙላት። ነገሩ የሚጀምረው ከባትሪ ነው። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሰዓቱን የምትጠብቀው እርሷ ናት። እርሷ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቅን ሰው ይመጣና ያስተካክለዋል፤ ማስተካከሉ ባልከፋ፣ ዓመቱን ግን ከግድግዳው ካላንደር ይገለብጠዋል። በኅዳር ወር ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ስገባ፣ ከ22 ማሽኖች መካከል 9ኙ ጨዋታውን ከፍተዋል፣ 13ቱ እንቢ ብለዋል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ሁለት ጊዜ ተገዝቷል፤ ራውተሩ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ቁም ሣጥን አናት ተዘዋውሯል። እኔ ያየሁት የማያውን የታች ቀኝ ጥግ ብቻ ነው። በ13ቱም ላይ 3/12/2017 ይላል፤ ኅዳር 12 መሆኑ ነው። ማሽኑ ግን ያንን ቀን በፈረንጆቹ መጋቢት 12 ቀን 2017 ብሎ አንብቦታል፤ እውነተኛው የፈረንጆቹ ዓመት ግን 2024 ነበር።

ይህ ለምን ጨዋታውን እንደሚዘጋ ላስረዳ። ማንኛውም ደኅንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይይዛል፤ በወረቀቱም ላይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚጸና ተጽፏል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ የሚሰጡት የምስክር ወረቀቶች ዕድሜያቸው ከ398 ቀን አይበልጥም። እንግዲህ በፈረንጆቹ 2017 ላይ ነኝ ብሎ የሚያምን ማሽን የዛሬውን ወረቀት ሁሉ ገና ያልተጻፈ ሐሰተኛ ሰነድ አድርጎ ይቆጥረዋልና በሩን ይዘጋል። ክሮም ደግሞ አልደበቀም፤ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ለሦስት ቀን 13 ማያዎች ላይ ተጽፎ የቆመውን ዓረፍተ ነገር አንድም ሰው አላነበበውም። እባካችሁ፣ ማሽኑ የሚናገረውን አንብቡ፤ ካልገባችሁ በስልክ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የሰዓት ክልሉንም «ናይሮቢ» የሚለው ላይ ተዉት። ዊንዶውስ አዲስ አበባን ለይቶ አይዘረዝርም፣ የእኛም ሰዓት የናይሮቢው ስለሆነ «ኬንያ ምን አገባን» ብሎ መቀየር አያስፈልግም። ጠዋት 3 ሰዓትን በፈረንጆቹ 9 ብሎ መሙላት ደግሞ ግዴታ ነው፤ የስድስት ሰዓት ስህተት ገጹን ብዙ ጊዜ ባይዘጋውም፣ ልጆቹ ሌሊት የተጫወቱ አስመስሎ ይመዘግባቸዋል። ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ገዝታችሁ ብትቀይሩ ይህ ሁሉ ጣጣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ዊንዶውስ 7 ባለባቸው ማሽኖች ላይ አዲሱን ክሮም ለመጫን መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ ለእርሱ የተሠራው የመጨረሻው ክሮም ቁጥር 109 ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት አንድን ክፍል ሙሉ በአንድ ስልክ ሆትስፖት ማገናኘት ነው። ጨዋታው 40 ሜጋባይት ቢሆን ለ30 ማሽን 1.2 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለዚያውም ብዙ ስልኮች ከአሥር በላይ መሣሪያ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም። አዘጋጆቹ ማባዛትን ከፈቀዱ ጨዋታውን አንድ ጊዜ አውርዶ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን ለሌሎቹ የሚያቀርብ፣ ማድረግና ሌሎቹን ኮምፒውተሮችን በገመድ በሚያያይዘው ስዊች ማገናኘት ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ገጹን በብሮውዘሩ «ሴቭ» በማድረግ ጨዋታውን ያወረዱ መምሰል ነው፤ የሚቀመጠው ቅርፊቱ ብቻ ሲሆን የዕቃዎቹ ዋጋና ሥዕል ጨዋታው በሚሮጥበት ጊዜ ከሌላ ቦታ የሚጠሩ ናቸው። ሁለተኛው፣ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ መክፈት ነው። ብሮውዘሩ ለደኅንነት ሲል ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌሎች ፋይሎችን እንዳያነብ ስለሚከለክል፣ መደርደሪያው ባዶ የሆነ ሱቅ ይገጥማችኋል። ዛምፕ የተባለውን ነጻ የሰርቨር ፕሮግራም ወይም ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣውን ትንሽ ሰርቨር ተጠቀሙ፤ ዊንዶውስ ይህ ፕሮግራም በኔትወርኩ ይለፍ ወይ ብሎ ሲጠይቅም «ካንስል» ብላችሁ አትገላገሉት፤ ሰርቨሩን የዘጋችሁት ያኔ ነው።

በዚሁ በሰርቨር ጉዳይ የራሴንም ልናገር። ዊንዶውስ ላይ ያለ እንከን የሠራውን ጨዋታ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ሥርዓት ወደተጫነበት ማሽን ባዛወርሁ ዕለት ከሱቁ ውስጥ አትክልቱ ብቻ ጠፋ። ገመዱን ቀየርሁ፣ ጨዋታውን እንደገና ገለበጥሁ፣ ምሳዬንም ሳልበላ ዋልሁ። በመጨረሻ የብሮውዘሩን የውስጥ መመርመሪያ የሚከፍተውን ኤፍ 12 ቁልፍ ተጭኜ የኔትወርክ ዝርዝሩን ስከፍት፣ የአትክልቱ ሥዕሎች በሙሉ በቀይ 404፣ ማለትም «ፋይሉ አልተገኘም»፣ ተሰልፈዋል። የፎልደሩ ስም የሚጀምረው በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ጨዋታው ግን በትንሹ ይጠራዋል። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፣ ኡቡንቱ ይለያል። ኤፍ 12ን በመጀመሪያው ደቂቃ ብጫነው ኖሮ ምሳዬ ባልቀረ፤ ያን ቀን ደግሞ ጾም አልነበረም።

የተማሪን ስም በአማርኛ ማስገባት በፍላሽ በተሠራው ጨዋታ ላይ ባዶ አራት ማዕዘኖችን ብቻ ያወጣል፤ ፊደላችን አብሮ አልተሰፋለትምና በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ።

ጨዋታው ከተከፈተ በኋላም ልጆቹን ሳያዘጋጁ መልቀቅ ስህተት ነው። በዕቃዎቹ ላይ ያለው የአበባ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ተስማሚነት መለያ ነው፤ ይህ ካልተነገራቸው ሽቶ ያለበት ዕቃ ይመስላቸዋል። የማቀዝቀዣው መለያ ላይ ኤ ፕላስ ፕላስ ፕላስ የሚል ካያችሁ ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 በፊት የተሠራ መሆኑን ዕወቁ፤ ከዚያ ወዲህ አውሮፓ ለማቀዝቀዣና ለልብስ ማጠቢያ ፕላሶቹን አስቀርታ ከኤ እስከ ጂ ወደሚደርስ ደረጃ ተመልሳለች። በታኅሣሥ ቲማቲም የመረጠ ተጫዋች ነጥብ ይቀነስበታል፤ ምክንያቱም እነርሱ ዘንድ ታኅሣሥ በረዶ ነው፣ ቲማቲሙም የሚያድገው በሚሞቅ የመስታወት ቤት ነው። ይህን ያልሰማ የደሴ ልጅ፣ ያንኑ ሰሞን ሰኞ ገበያ የቆቦ መስኖ ቲማቲም በሣጥን ተደርድሮ እያየ፣ ኮምፒውተሩ ተሳሳተ ይላል፤ እውነቱንም ነው። አንዲት ልጅ ከሦስቱ መያዣዎች ዘምቢሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቃኝ የጨርቁን ባሳያት፣ «ይሄማ እንቁላሉን ይሰብረዋል» ብላ የወረቀቱን መረጠች፤ ሁለት ነጥብም ተቀነሰባት።

በመጨረሻ ነጥቡን የሚይዘው ብሮውዘሩ ራሱ ነው። በብሮውዘሩ ድብቅ (ኢንኮግኒቶ) መስኮት የተከፈተ ጨዋታ መስኮቱ ሲዘጋ ነጥቡን ይዞ ይጠፋል፤ በየቀኑ ብሮውዘሩን የሚያጸዳ ፕሮግራም ያለበት ማሽንም እንዲሁ ያደርጋል። ለውጤት የምትፈልጉት ከሆነ ደወሉ ሳይደወል በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ነጥቡን ደብተሩ ላይ ይጻፍ።