የሂፕ ሆፕ ሪሚክስ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ የራፕ ግጥም በሪሚክስ (የተቀረጸን ዘፈን በአዲስ ሙዚቃ እንደገና በመሥራት) በተለያዩ ፕሮዲዩሰሮች እጅ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚለወጥ ለማየት የጄይ ዚን «ብላክ አልበም» ማስታወስ ይበቃል፤ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ በኋላ የራፐሩ ድምፅ ያለ ሙዚቃ ተለይቶ ስለቀረበ ብዙዎች በየራሳቸው መንገድ ሠርተውታል፣ ፕሮዲዩሰሩ ዴንጀር ማውስም በ2004 ከቢትልስ የ1968 አልበም ቆራርጦ በወሰዳቸው ድምፆች ላይ አሳርፎታል። እዚህ ጎንደር ሂፕ ሆፕን ከእስክስታ ምት ጋር ለማዋሃድ የሚሞክሩ ወጣቶች ሥራቸውን ሲያሰሙኝ ደጋግሜ የማገኛቸው ስህተቶች ግን በአብዛኛው የሚመጡት ከራፐሩ አነጋገር ይልቅ ቢቱን (ከግጥሙ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ) ከማስቀደም ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ባለቀለት ዘፈን ላይ አዲስ ከበሮ መደረብ ነው። አሮጌው ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፣ ቤዙም ይድበሰበሳል። ድምፅ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ቢረዱም የ«ሰ»ንና የ«ሸ»ን ጥራት ስለሚጎዱ፣ ንጹሑን የድምፅ ፋይል ከራፐሩ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ድምፁን ያለ ልክ ማፍጠን ሲሆን፣ በአማርኛ ራፕ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። በቋንቋችን መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለያል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። በደቂቃ 90 ምት የተቀረጸ ግጥም ወደ 120 ሲጣደፍ ይህ ልዩነት ለጆሮ ይደበዝዛል፣ ቃሉ መሐል ላይ ሲቆረጥማ ሰሙም ወርቁም አብረው ይጠፋሉ። ፈጣን ቢት የሚፈልግ ሰው የ90ውን ግጥም ሳይነካ ከሥሩ በ180 የሚሄድ ከበሮ ሊያስገባ ይችላል፤ ሁለቱ በትክክል ይገጥማሉ።

ሦስተኛው ችክችካን፣ ማለትም የእስክስታውን ምት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስኬድ ነው። ራፐሩ አንዱን ምት አራት ቦታ ከፍሎ ሲናገር ችክችካው ያንኑ ምት ሦስት ቦታ ስለሚከፍለው፣ ቃላቱ ከበሮውን ሲቀድሙና ሲከተሉ ይሰማሉ። ከግጥሙ ሥር ቀጥ ያለ ምት ይዞ ችክችካውን ለአዝማቹ ማቆየት፣ ወይም ራፐሩ አነባበቡን በሦስት ከፍሎ እንደገና እንዲቀረጽ መለመን ያስፈልጋል።

ፈቃድ ሳይጠይቁ ማሰራጨትም ስህተት ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሌላውን ሥራ ለውጦ ማቅረብን ለመብቱ ባለቤት ይሰጣል።

መሲንቆን እንደ ጌጥ መለጠፍ ግን እኔም የሠራሁት ስህተት ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። በትዝታ ቅኝት በተዘፈነ አዝማች ላይ ለብቻው የተቀረጸ መሲንቆ ደረብኩ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ያማሩ ሳሉ አንድ ላይ ሲሰሙ ጥርስ ያሳክካሉ። መሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው አዝማሪው የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ እንዲመቸው ነው፣ ከኪቦርድ ጋርም ከግማሽ ቃና ባነሰ መጠን ሊለያይ ይችላል። በኮምፒውተር ባስተካክለው የጭራው ሻካራ ድምፅ ሟሸሸ። በመጨረሻ አዝማሪውን መልሼ ጠርቼ አዝማቹን በጆሮ ማዳመጫ አሰማሁት፤ እሱም ሁለት ጊዜ ካዳመጠ በኋላ ክሩን በጥቂቱ አላልቶ፣ ራፐሩ ትንፋሽ በሚወስድባቸው ክፍተቶች ብቻ እየገባ ተጫወተ።