የ12ኛ ክፍል ሲኒየር ፕሮጀክት፦ አሜሪካ ለገቡ አዲስ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው

ከኢትዮጵያ መጥቶ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ከሚገጥሙት እንግዳ ነገሮች አንዱ ሲኒየር ፕሮጀክት የሚባለው ሥራ ነው። ተማሪው ርእሱን ራሱ መርጦ ለወራት ካጠናና ከሠራ በኋላ፣ በመምህራንና ብዙ ጊዜም ከውጭ በተጋበዙ ሰዎች ፊት ቆሞ ያስረዳል። እንደ ትምህርት ቤቱ ቢለያይም በአብዛኛው የጥናት ጽሑፍ፣ በተግባር የተሠራ ነገር፣ የሥራው ሂደት የሚቀመጥበት ፖርትፎሊዮና የቃል ገለጻ ይጠየቃል። በብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲመዘን ላደገ ተማሪ ትልቁ ፈተና፣ እስካሁን ሌላ ሰው ያወጣለት የነበረውን ጥያቄ አሁን ራሱ ማውጣት ያለበት መሆኑ ነው።

ፕሮጀክቱ በመላ አገሪቱ ግዴታ አይደለም፤ ውሳኔው የክፍለ ግዛቱ፣ የትምህርት ወረዳው ወይም የትምህርት ቤቱ ነው። ደንቡም ይለወጣል። ለምሳሌ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለመመረቂያ ይጠየቅ የነበረውን የማጠቃለያ ፕሮጀክት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከክፍለ ግዛቱ መስፈርትነት ሰርዞታል። ስለዚህ ቀድሞ የተመረቀ የዘመድ ልጅ በነገራችሁ ላይ ብቻ አትመኩ። ልጃችሁ በተመዘገበ ሰሞን ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ) ፕሮጀክቱ ለዲፕሎማ (ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት) ግዴታ መሆኑን፣ ክሬዲት (ለመመረቅ የሚቆጠር የትምህርት ነጥብ) የሚያስገኝ መሆኑን፣ ርእስ የሚጸድቅበትን የመጨረሻ ቀንና የነጥብ አሰጣጡን ሰነድ ጠይቁ። በዓመቱ አጋማሽ ለመጣ ተማሪ ይህ ጥያቄ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ የርእስ ማጽደቂያው ቀን ተማሪው ከመምጣቱ በፊት አልፎ ሊሆን ይችላልና።

ሲኒየር ፕሮጀክትን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ሜሪላንድ ለመመረቅ 75 ሰዓት፣ የዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 100 ሰዓት አገልግሎት ይጠይቃሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ መስፈርት ነው። አንዱ ሥራ ለሁለቱም ይቆጠር እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ማረጋገጥ ይሻላል።

ከትምህርት ቤቱ ጋር በምታደርጓቸው በእነዚህ ንግግሮች ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች፣ በ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች አስፈላጊ መረጃን በሚረዱት ቋንቋ የማድረስ ግዴታ አለባቸው፤ አስተርጓሚውም በነጻ ነው። መጠየቅ መብት ነው፣ ልመና አይደለም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የርእስ ምርጫ ነው። አዲስ መጪ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «ስደት» ወይም «ጤና» የመሰለ ሰፊ ርእስ ይይዛሉ፤ ከዚያም ከኢንተርኔት የተለቃቀመ ጽሑፍ ይዘው ይቀራሉ። ጥሩ ርእስ ተማሪው ሊደርስባቸው በሚችሉ ሰዎችና ሰነዶች መልስ የሚያገኝ ጥያቄ ነው። «ስደተኞችና ጤና» የሚለውን ወስደን «በአካባቢያችን ያሉ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚያስተረጉምላቸው ማን ነው?» ብለን ብናጠበው፣ ሥራው ወዲያው መልክ ይይዛል። ተማሪው ፈቃደኛ የሆኑ አረጋውያንን በአማርኛ ያነጋግራል። የፌዴራል የጤና ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡና ለደኅንነት በሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም እንዳያደርጉ የሚያዘውን ደንብ ያነባል። የሰማውን ከደንቡ ጋር ያነጻጽራል። በተግባር የሚሠራው ነገር ደግሞ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ የአንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ሊሆን ይችላል።

አማርኛ መቻል እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሌላው ተማሪ የማያገኘውን ምስክርነት ያስገኛል። መምህሩ ከፈቀደ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ተደርጎ፣ ለጽሑፉ የተመረጠው ክፍል ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ሊመለስ ይችላል፤ ትርጉሙ የተማሪው መሆኑም በጽሑፉ ይገለጻል።

ሰውን ማነጋገር ግን ኃላፊነት አለበት። ከመቅዳት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ተጠያቂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ስም መቀየር እንደሚቻል አስቀድሞ ይነገራል። ከወገኖቻችን መካከል የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያላለቀ አሉ። ተማሪው ስለ መኖሪያ ፈቃድም ሆነ ወደ አሜሪካ ስለተገባበት መንገድ አይጠይቅ፤ ተጠያቂው በራሱ ቢያነሳው እንኳ አይመዝግበው። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ለየትኛውም ነጥብ ሲባል የሰው ጉዳይ ለአደጋ መጋለጥ የለበትም።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በርእሱ ዕውቀት ያለው አዋቂ ሰው ሜንተር ሆኖ እንዲያግዝ ይፈልጋሉ፤ የቅርብ ዘመድን የማይቀበሉም አሉ። ሜንተር የሚጠየቀው በአጭር ኢሜይል ነው፦ ተማሪው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ጥያቄ እያጠና እንደሆነ፣ የሚፈልገው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ (ለምሳሌ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት) እና ፎርሙ እስከ መቼ መፈረም እንዳለበት በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይጽፋል። በአስተዳደጋችን ትልቅ ሰውን ደጋግሞ መወትወት ነውር ስለሆነ፣ ልጆቻችን አንድ ጊዜ ጽፈው መልስ ሲያጡ ዝም ይላሉ። እዚህ ከሳምንት በኋላ በትሕትና ማስታወስ እንደ ድፍረት አይታይም። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ያልገባውን ቀርቦ የሚጠይቅ ተማሪ እንደ ትጉህ ይቆጠራል፤ ዝምታው ግን አክብሮት መሆኑን መምህሩ ላያውቅ ይችላል።

ነጥቡ ለመጨረሻው ውጤት ብቻ ስለማይሰጥ፣ የሥራ መዝገቡ በየሳምንቱ ይሞላ። ቀኑ፣ የተሠራው ሥራ፣ የወሰደው ሰዓትና ያጋጠመው ችግር በዚያው ቀን ካልተጻፈ በሚያዝያ ወር ላይ ቁጭ ብሎ ማስታወስ አይቻልም። ያልተሳካ ቃለ መጠይቅም ይመዝገብ፤ ተማሪው ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጠ ገምጋሚዎች ማየት ይፈልጋሉ።

የሌላ ሰው ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መውሰድ እዚህ ከባድ ጥፋት ነው፤ በራስ አገላለጽ የተጻፈ ሐሳብ እንኳ ምንጩ ይጠቀሳል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ወይም በጉግል ትርጉም መጠቀም የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ መምህሩ ይጠየቅ። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላለ ተማሪ የተሻለው እርዳታ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ መምህሩ ነው፤ ረቂቁን በየክፍሉ ቢያሳየው ሰዋስዉም ሐሳቡም አብሮ ይቃናል።

ወላጅ ፎርም ይፈርማል፣ ወደ ቃለ መጠይቁ ቦታ ያደርሳል፣ ገለጻውን በአማርኛም ቢሆን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ጽሑፉን ለሚያውቁት ምሁር ሰጥቶ ማስጻፍ ግን ልጁን ይጎዳዋል፤ ከገለጻው በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች የሚመልሰው ራሱ ልጁ ነውና። ልጁን ለዚያ የሚያዘጋጀው ነገር፣ ለቤተሰቡ እንግዳ የሆነ ሰው አስቀምጦ «ለምን ይህን መረጥህ? ምን ቀረህ?» እያስጠየቁ መለማመድ ነው።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ አንድ ጉዳይ ይቀራል። የኮሌጅ ማመልከቻ ቀኖች በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ሲሆኑ፣ የፕሮጀክቱ ገለጻ ግን ብዙ ጊዜ በፀደይ ነው። ተማሪው ሥራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በማመልከቻ ድርሰቱ ላይ በሂደት ላይ ያለ ጥናት ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ሥራውን በቅርብ የሚከታተለውን መምህር ወይም ሜንተርም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ከማመልከቻው ቀን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይጠይቀው።