የነዳጅ ዋጋ ሲንር ስለ መጠባበቂያው የሚሠሩ ስህተቶች

የነዳጅ ዋጋ በናረ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለክፉ ቀን ስላከማቸው የነዳጅ ክምችት «መጠባበቂያው ለምን አይከፈትም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በዋሽንግተን ዙሪያ በታክሲ ሥራ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ነገሩ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ግምት ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ስህተት የተከማቸው ቤንዚን ነው ብሎ ማሰብ ነው። ያለው ድፍድፍ፣ ማለትም ያልተጣራ ዘይት ነው፤ በቴክሳስና በሉዊዚያና ምድር ሥር፣ በጨው ዓለት ውስጥ በተቦረቦሩ ዋሻዎች ተቀምጧል። ሲፈለግ ከታች ውኃ ይለቀቅበታል፤ ዘይቱ ከውኃው ስለሚቀል ተገፍቶ ይወጣል። ውኃው ግን የዋሻውን የጨው ግድግዳ እያሟሟ ስለሚያሰፋው ያለ ገደብ ሊደጋገም አይችልም። ማጣሪያዎች በአውሎ ነፋስ ከተዘጉ ደግሞ ድፍድፍ ብቻውን ለማደያ አይደርስም። ኢትዮጵያም የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ ገዢ ስለሆነች፣ ድፍድፍ ብታከማች አይጠቅማትም።

ከሁሉም የሚከፋው መጠባበቂያውን የዋጋ ማረጋጊያ አድርጎ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕግ የተቋቋመው ከዓረቦች የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ፣ አቅርቦት ሲቋረጥ እንዲደርስ ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር 180 ሚሊዮን በርሜል እንዲለቀቅ ተወሰነ፤ ይህም ለስድስት ወር በቀን 1 ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። ዓለም በቀን የሚፈጀው 100 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ልቀቱ፣ አጋር አገሮች የለቀቁት ተጨምሮበት፣ የቤንዚን ዋጋን በጋሎን ከ17 እስከ 42 ሳንቲም እንዳስቀነሰ ገምቷል። ለሾፌር ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም፤ በዚያ ላይ እውነተኛ የአቅርቦት ስጋት ነበረ። በምርጫ ሰሞን ለድምፅ ሲባል መክፈት ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠን ማባከን ነው።

አቅርቦት በእርግጥ ሲናጋ ማመንታትም ስህተት ነው። ኢራቅ ኩዌትን በነሐሴ 1990 ስትወር ዋጋው በእጥፍ ገደማ ጨመረ፤ ዋናው ልቀት የታዘዘው ግን በጥር 1991 አሜሪካና አጋሮቿ በኢራቅ ላይ የአየር ድብደባ ሲጀምሩ ነው። ዋጋው በአንድ ቀን በሲሶ ያህል ወረደ። ጦርነቱ ለአጋሮቹ በድል መጀመሩም አግዟል፤ ቢሆንም ገዢዎች ነዳጁ እንደሚመጣ ማወቃቸው ድንጋጤውን አብርዶታል።

የመጨረሻው፣ ዋጋ ሲረክስ መሙላትን መርሳት ነው። በመጋቢት 2020 ድፍድፍ እጅግ ረክሶ ሳለ መንግሥት ለመግዣ 3 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ኮንግረስ አልፈቀደም። በ2022 አንዱ በርሜል ለወራት ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር።