የልጄን የኤአይ ቻት እንዴት እንዳስተካከልን

የ14 ዓመት ልጄ ለቤት ሥራ ኤአይ ትጠቀማለች። አንድ ቀን የድሮ ቻቶቿን አብረን ስናይ ደነገጥኩ። ሙሉ ስሟ፣ ትምህርት ቤቷ፣ ከጓደኛዋ ጋር የተጣሉበት ነገር፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ሴቲንግ ውስጥ ገባን። ቻቶቿ ለሞዴሉ (ኤአዩ ለሚሠራበት ፕሮግራም) ሥልጠና እንዲውሉ የሚፈቅደው ምርጫ በርቶ ነበር፤ አጠፋነው። ሜሞሪውንም፣ ማለትም ኤአዩ ስለ እሷ ያስቀመጠውን፣ አጸዳን። ልብ በሉ፣ የሥልጠናውን ፈቃድ ማጥፋት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጻፈው ነው፤ ቀድሞ ለሥልጠና የዋለውን አይመልስም።

የከበደን ለኤአዩ የምትልከው ፎቶ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ የቦታ መረጃ ሊይዝ ይችላል። ለካሜራው የሎኬሽን ፈቃድ ከለከልን። የዩኒፎርሟ አርማ ከታየ ግን ይህ አይበቃም፤ ቆርጣ ነው የምትልከው።

ስልኳን አልቀማኋትም። ተደብቃ ብትጠቀም ይብሳል። አሁን ስሞቹን «ሀ» እና «ለ» ብላ ቀይራ ትጠይቃለች። መልሱ ያው ነው።